የትኛውን የአሜሪካ ጸደይ እንምረጥ? ለአድማጭና ለተመልካች የቀረበ ንጽጽር

ጸደይ በአሜሪካ ዘፈንና ፊልም ውስጥ ሞልቶ የተረፈ ነገር ነው። ችግሩ በዚህ ስም የሚጠራው ነገር አንድ አለመሆኑ ነው፤ በአንዱ ሥራ ውስጥ ጸደይ የፋሲካ ባርኔጣ ሰልፍ ነው፣ በሌላው እናቱን ያጣ የአጋዘን ግልገል ነው፣ በሌላው ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲሄድ ብቻውን የቀረ አፍቃሪ ነው፣ በሌላው ደግሞ በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ የሚሰክር የኮሌጅ ተማሪ ነው። ስለዚህ ለቤተሰብ ምሽት፣ ለብቻ ማዳመጫ ወይም የአገሩን ወቅት በሙዚቃው በኩል ለመረዳት አንድ ሥራ መምረጥ የሚፈልግ ሰው፣ ርዕሱ ላይ ያለውን ቃል ብቻ አይቶ ቢመርጥ የፈለገውን ላያገኝ ይችላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምመዝንበት መለኪያ አንድ ነው፤ እሱም ከጸደዩ በፊት የነበረው የብርድ ወራት በሥራው ውስጥ ይታያል ወይስ አይታይም የሚለው ነው። አበባውን ብቻ የሚያሳይ ሥራ ለዓይንም ለጆሮም ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያ አበባ አንዱን የሚያስጨፍረው ሌላውን የሚያስለቅሰው ለምን እንደሆነ አይነግረንም። በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ደጋግመው ቢሰሟቸውና ቢያዩዋቸው የማይሰለቹት፣ ጸደዩ የዘገየባቸው ወይም ጨርሶ ያልመጣባቸው ሥራዎች ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው፤ በወራት ቢቆጠር የአሜሪካው ጸደይም አብዛኛው እዚያው ላይ ያርፋል። ልብ ግን ከቀን መቁጠሪያው ጋር አይስማማም። ሰማዩ የሚገለጥበት፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ የሚሆንበት ጊዜ ለእኛ መስከረም ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ዘመነ ጽጌ የምትለውን የአበባ ወቅት የምትጀምረው መስከረም 26 ቀን ነው። ስለዚህ አንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ የሚያዝያን አበባ ሲጠራ፣ ሚያዝያን በበልግ ዝናብ የሚያውቅ አድማጭ ስሜቱን ለማግኘት ወሩን ትቶ የመስከረምን ማለዳ ማሰብ ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ የሐምሌንና የነሐሴን ጭጋግ አውጥቶ፣ በምትኩ ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ የቆመባቸውን፣ ፀሐይ ገና በአሥራ አንድ ሰዓት የምትጠልቅባቸውን አራት አምስት የብርድ ወራት ቢያስገባ ነገሩ ይቀርብለታል።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖር ወገናችን ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1912 ከቶኪዮ በስጦታ ከመጡት 3,020 የቼሪ ዛፎች ጋር የተጀመረው፣ ታይዳል ቤዚን የተባለው የከተማዋ ኩሬ የአበባ ዳርቻ፣ በየካቲት ያየው ሰው ለማገዶ የቆመ ጭራሮ ሊመስለው ይችላል፤ በመጋቢት መጨረሻ ገደማ ያ ጭራሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነጭና ሐምራዊ ደመና ይሆናል፣ በሚቀጥለው ነፋስ ደግሞ ይረግፋል። ዘፈኖቹ ስለ አበባው ውበት ብቻ ሳይሆን ስለ ዕድሜው ማጠርም የሚናገሩት ከዚህ የተነሣ ነው። በነገራችን ላይ ብዙ የአገራችን ሰው የሚኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ስሟን ያገኘችው ከውኃ ምንጭ እንጂ ከወቅቱ አይደለም። እንግሊዝኛው ለምንጭም፣ ለአልጋ ሞላም፣ ለጸደይም «ስፕሪንግ» የሚል ያው አንድ ቃል ነው ያለው፤ ግጥም ጸሐፊዎቹም በዚህ መደራረብ ይጫወቱበታል፣ በአማርኛ ግን ቅኔው ይፈታና ይቀራል።

የፌሽታው ጸደይ

ከዚህ ወገን ቀድሞ የሚነሣው «ኤፕሪል ሻወርስ» ማለትም የሚያዝያ ዝናብ የተባለው ዘፈን ነው። ኤል ጆልሰን በ1921 «ቦምቦ» በተባለ የመድረክ ትርኢት ላይ የዘፈነው ይህ ዜማ፣ ዛሬ የሚወርደውን ዝናብ ነገ የሚፈካውን አበባ እያሰባችሁ ቻሉት ይላል። ለእኛ ጆሮ ትንሽ የሚያስገርም ማጽናኛ ነው፤ በልጉ እንዳይቀር በሚጸለይበት አገር ያደገ ሰው፣ ስለ ሚያዝያ ዝናብ ይቅርታ የሚጠይቅ ዘፈን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ጆልሰን ፊቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ጥቁሮችን በማስመሰል ይጫወት ከነበሩት ዋነኛው ስለሆነ፣ ዘፈኑን የሚፈልግ ሰው ከእሱ በኋላ የመጡ ዘፋኞች የቀረጹትን ቢመርጥ ይሻለዋል።

በፊልም በኩል «ኢስተር ፓሬድ» (1948) ማለትም የፋሲካ ሰልፍ፣ እና «ሰቨን ብራይድስ ፎር ሰቨን ብራዘርስ» (1954) ማለትም ሰባት ሙሽሮች ለሰባት ወንድማማቾች ይወዳደራሉ። የመጀመሪያው ከ1911 የፋሲካ ዋዜማ ተነሥቶ በ1912 ፋሲካ የሚያልቅ፣ ጁዲ ጋርላንድና ፍሬድ አስቴር የሚደንሱበት የኒውዮርክ ታሪክ ነው። ዋናው ተዋናይ ጂን ኬሊ ሊሆን ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱ ስለተሰበረ፣ ከሙያው ተሰናብቶ የነበረው አስቴር ተመልሶ ገባበት። የዜማዎቹ ደራሲ አይርቪንግ በርሊን በሩሲያ ግዛት ተወልዶ በልጅነቱ የተሰደደ አይሁዳዊ ነው፤ የጻፈውም የፋሲካ መዝሙር ውስጥ ትንሣኤም ጾምም የለም፣ ያለው ባርኔጣዋን አድርጋ በአምስተኛው ጎዳና የምታልፍ ሴትና ፎቶ አንሺዎች ናቸው። ሁለት ወር ገደማ ጾሞ በሌሊት ቅዳሴ ፋሲካን የሚቀበል ተመልካች ይህን ጉድለት ወዲያው ይለየዋል፤ ሆኖም ሃይማኖቱን ሁሉ ያወጣ፣ ማንም ሊቀላቀልበት የሚችል በዓል መሥራት የፈለገ ስደተኛ ምን እንዳሰበ ለማየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሁለተኛው ፊልም በጭፈራ ይበልጣል። ታሪኩ በ1850 በኦሪገን ተራሮች የሚፈጸም ሲሆን፣ የበረዶ ናዳ መንገዱን ዘግቶ ሰዎቹን እስከ ጸደይ ስለሚያግታቸው በእኔ መለኪያ ጥሩ ነጥብ ሊያገኝ ይገባው ነበር፤ በረዶው ቀልጦ ግልገሎች ሲወለዱ የሚዘፈነውም የጸደይ ዘፈን ከብርዱ በኋላ ስለሚመጣ ክብደት አለው። ነገር ግን ሴቶቹ እዚያ የተገኙት ወንድማማቾቹ ከከተማ ጠልፈው ስላመጧቸው ነው፤ ፊልሙ ይህን ሮማውያን የሳቢን ሴቶችን በጠለፉበት ጥንታዊ ተረት እያስታከከ እንደ ቀልድ ያልፈዋል። ጠለፋ በመንደሩ ምን እንዳደረገ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን አብሮ ለመሳቅ ይከብደዋል። ስለዚህ ከልጆች ጋር ለሚታይ ምሽት «ኢስተር ፓሬድ»ን እመርጣለሁ፤ ሁለተኛውን ጭፈራውን ማጥናት ለሚፈልግ እተወዋለሁ።

«ባምቢ» ወይስ «ግራውንድሆግ ዴይ»?

ጸደይን በትክክል ለመረዳት አንድ ፊልም ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው ከእነዚህ ሁለት አንዱን ይምረጥ። ምርጫው ቀላል አይደለም።

የዲዝኒው «ባምቢ» በ1942 የወጣና ከሰባ ደቂቃ የማይበልጥ የካርቱን ፊልም ነው። የጫካውን ገጽታ የሚወስነው ከቻይና በልጅነቱ የመጣው ሠዓሊ ታይረስ ዎንግ ነበር፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ ከመሣል ይልቅ ጭጋግና ብርሃንን በቀላል ብሩሽ እያመለከተ ያልፋል፣ ይህንንም ከጥንታዊው የቻይና ሥዕል ወስዷል። ፊልሙ ስለ ጸደይ ያለው ጥንካሬ ግን በሥዕሉ ብቻ አይደለም። አጋዘኖቹ የሚበሉት አጥተው የዛፍ ልጣጭ እየላጡ ብርዱን ሲያሳልፉ እናየዋለን፤ በመጨረሻ እናቲቱ በበረዶው መካከል ብቅ ያለ ጥቂት አረንጓዴ ሣር ታገኛለች፣ ልጇንም ጠርታ ታሳየዋለች። ተመልካቹ እፎይ ለማለት ሲዘጋጅ እናቲቱ ቀና ትላለች፣ ጆሮዋ ይቆማል፣ ልጇን ሩጥ ትለዋለች። ከዚያ የጥይት ድምፅ ይሰማል። ሬሳ አይታይም፣ ደም አይታይም፤ ግልገሉ ማደሪያቸው ደርሶ ዞር ሲል ከኋላው የሚታየው የሚወርድ በረዶ ብቻ ነው።

ሞት የመጣው በብርዱ እምብርት ሳይሆን የመጀመሪያው የጸደይ ሣር በተገኘባት ቅጽበት ነው። ይህን ያደረጉት ሰዎች አስበውበት ነው ያደረጉት። ከዚያ ወዲያው ሥዕሉ ይቀየርና ወፎች በደስታ ሲዘምሩ ያሳየናል፤ ብዙ ሰው ይህን ቶሎ መሸጋገር እንደ ስህተት ይቆጥረዋል፣ እኔ ግን ከፊልሙ እጅግ እውነተኛው ቦታ እዚህ ይመስለኛል። ወቅት ለሐዘንተኛ አይጠብቅም። ያረጀው ጉጉትም በወፎቹ ጩኸት ሲማረር፣ የሐዘኑ ቅሬታ ወደ ቀልድ ተለውጦ በእሱ አፍ የወጣ ያህል ነው።

«ግራውንድሆግ ዴይ» (1993) ፍጹም ሌላ መንገድ ይሄዳል። በፔንስልቬንያ ፐንክሰቶኒ በተባለች ትንሽ ከተማ በየዓመቱ ፌብሩወሪ 2 ቀን ግራውንድሆግ የተባለ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ ከማደሪያው ይወጣል፤ ጥላውን ካየ የብርዱ ወራት ስድስት ሳምንት ይቀጥላል፣ ካላየ ጸደይ ቶሎ ይመጣል ይባላል። በጀርመንኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎች ወደ ግዛቲቱ የገባው ይህ ልማድ በከተማዋ በ1887 ተጀምሮ እስከ ዛሬ አለ። ዳይሬክተሩ ሃሮልድ ራሚስ ቢል መሪን እብሪተኛ የቴሌቪዥን አየር ጠባይ ተንባይ አድርጎ ወደዚያች ከተማ ይልከዋል፤ ሰውየውም ያችን አንዲት ቀን ደግሞ ደጋግሞ እንዲኖር ይፈረድበታል። በየማለዳው ስድስት ሰዓት ሲል (በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት) የማንቂያው ራዲዮ ያንኑ ዘፈን ይጀምራል፣ መስኮቱን ሲከፍትም ያው ሕዝብ ወደ ያው በዓል ይጎርፋል።

እንግዲህ ስለ ጸደይ መምጣት የተሠራው ይህ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት አበባ አያሳይም። ጸደይን መተንበይ ሥራው የሆነ ሰው ጸደይ በማይደርስበት ቀን ተዘግቶበታል፤ ቀኑ በመጨረሻ ሲያልፍለትም ከውጭ የሚጠብቀው አበባ ሳይሆን ሌሊቱን ከተማዋን ያለበሰው አዲስ በረዶ ነው። እሱም ወደ በረዶው ወጥቶ በደስታ ይሄዳል። ፊልሙ የተቀረጸው በራሷ በፐንክሰቶኒ ሳይሆን በኢሊኖይ በምትገኝ ዉድስቶክ በምትባል ከተማ ነው፤ አደባባይዋን ለይቶ የሚያውቅ ተመልካች ባይሆን ማንም አያስተውልም።

ልጅ ያለው ወላጅ «ባምቢ»ን ሲመርጥ ከአምስት ስድስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አጠገቡ ሆኖ ቢያይ ጥሩ ነው፤ የእናቲቱ ነገር በጥያቄ ያስጨንቃል፣ «የት ሄደች?» የሚለውም ሌሊት ይመለሳል። ለአዋቂ፣ በተለይም የመጀመሪያውን የብርድ ወራቱን በአሜሪካ ሰሜናዊ ከተሞች ለሚያሳልፍ ሰው፣ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የጃንዋሪ ማለዳዎች አንዱ ከሌላው የማይለዩበትን ስሜት እንደዚያ የያዘ ሥራ የለም።

የባሕር ዳርቻውን ጸደይ በአጭሩ ልለፈው። «ዌር ዘ ቦይስ አር» (1960) የኮሌጅ ተማሪዎች የጸደይ ዕረፍትን በፍሎሪዳዋ ፎርት ላውደርዴል ከተማ የሚያሳይ ለስለስ ያለ ፊልም ነው፤ «ስፕሪንግ ብሬከርስ» (2012) ደግሞ በዚያው በፍሎሪዳ የሚፈጸም፣ ዝርፊያና አደንዛዥ ዕፅ የሞላበት የአዋቂዎች ፊልም ነው። በሁለተኛው ውስጥ ያሉት ወጣት ተዋናዮች አንዳንዶቹ በልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም የታወቁ ስለሆኑ፣ ወላጅ ፊታቸውን አይቶ እንዳይታለል።

ጸደዩ የሌለባቸው ዘፈኖች

ወደ ዘፈኑ ስንመለስ የዘርፉ ሀብት ያለው እዚህ ነው። አሜሪካውያን ምርጥ የጸደይ ዘፈኖቻቸውን የጻፉት ጸደይ መጥቶ ለእነሱ ሳይደርሳቸው ሲቀር ነው።

ሪቻርድ ሮጀርስና ሎሬንዝ ሃርት በ1938 የጻፉት «ስፕሪንግ ኢዝ ሂር» ርዕሱ ጸደይ መጣ የሚል ሆኖ ሳለ፣ ከርዕሱ በቀር ያለው ሁሉ ጥያቄ ነው፤ ታዲያ ልቤ ለምን አይጨፍርም፣ ነፋሱ ለምን ደስ አያሰኘኝም እያለ ይሄድና፣ የሚወደኝ ስለሌለ ይሆናል በሚል ተራ መልስ ያበቃል። ፍራንክ ሲናትራ በ1958 «ኦንሊ ዘ ሎንሊ» በተባለው አልበም ላይ ሲዘፍነው የመጠጥ ቤት መዝጊያ ሰዓት ይመስላል። ግጥሙን የማይፈልግ ሰው ደግሞ ፒያኒስቱ ቢል ኤቫንስ በ1959 ከሦስት ሰው ያልዘለለ ቡድን ይዞ የቀረጸውን ይስማ፤ ያለ ቃል ያው ጥያቄ ይሰማበታል።

ከእሱ ጋር መነጻጸር ያለበት «ስፕሪንግ ካን ሪሊ ሃንግ ዩ አፕ ዘ ሞስት» ነው፤ እንደ ጸደይ ሰውን የሚያንገላታ የለም እንደማለት ነው። ግጥሙን የጻፈችው ፍራን ላንድስማን በሴንት ሉዊስ ከተማ ባለቤቷ ከሚመራው የምሽት ክበብ ጋር የምትውል ሴት ነበረች፤ ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤሊየት ሚያዝያን ከወራት ሁሉ ጨካኝ ያለበትን ስንኝ አንድ የጃዝ ሙዚቀኛ በመንገድ ቋንቋው ቢናገረው ምን ይል ነበር ብላ ጀመረችው፣ የክበቡ ፒያኒስት ቶሚ ዎልፍም በ1955 ዜማ ሠራለት። የሃርት ግጥም ሐዘኑን በጥቂት መስመር ሲጨርስ ላንድስማን ግን እየቀለደች ታዝናለች። ኤላ ፊትዝጀራልድ በ1961 የመግቢያ ስንኙን ሳትዘል፣ ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳትለማመጥ ዘፍናዋለች፤ ሁለቱን ማነጻጸር የሚፈልግ መጀመሪያ ሲናትራን ከዚያ እሷን ቢሰማ ልዩነቱ ይገለጥለታል። ለብቻ የሚሰማ አንድ ዘፈን ምረጥ ብባል የኤላን እመርጣለሁ።

የናፈቀ ሰው ሳይሆን የተቁነጠነጠ ሰው ደግሞ «ኢት ማይት አዝ ዌል ቢ ስፕሪንግ»ን ይምረጥ። ሮጀርስ ከኦስካር ሃመርስታይን ጋር በ1945 ለ«ስቴት ፌር» ፊልም የጻፉት ይህ ዘፈን የዓመቱን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ አነሣሡም ያስቃል። ሃመርስታይን የአይዋዋን ገበሬ ልጅ የጸደይ መቁነጥነጥ ሊያሲዛት ፈለገ፣ ነገር ግን የክፍለ ግዛት ባዛር የሚካሄደው በጋው ሲያልቅ ነውና ወቅቱ አልገጠመም። መፍትሔው ጉድለቱን ራሱን ግጥም ማድረግ ሆነ፤ ልጅቱ ጸደይ እንዳልሆነ ታውቃለች፣ አበባም ወፍም አላየችም፣ ግን ጸደይ ነው ቢባልም ያስኬዳል ትላለች። ዜማውም ወዲያና ወዲህ እየዘለለ አርፎ መቀመጥ ያቃታትን ልጅ ይመስላል።

ለሰዎች ስብስብ «ኤፕሪል ኢን ፓሪስ» ማለትም ሚያዝያ በፓሪስ ይሻላል። ቃሉን የጻፈው ዪፕ ሃርበርግ በ1932 ሲጽፈው ፓሪስን በዓይኑ አላያትም ነበር፤ ስለዚህ የአሜሪካ እጅግ የታወቀ የጸደይ ሥዕል ያልታየ ከተማ ሥዕል ነው። ካውንት ቤዚ በ1955 ከትልቅ ባንዱ ጋር የቀረጸው ያልቃል ሲባል አንድ ጊዜ ደግሞ ብሎ ይመለሳል፣ እንደገናም ይመለሳል፤ እንግዶች በር ላይ ቆመው ሰላምታ ሲያበዙ እንደማለት ነው።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ካፖርቱን ካጣጠፉ በኋላ እንደገና ለማውጣት የተገደዱ ሰዎች ደግሞ የዘፋኙን የፕሪንስን «ሳምታይምስ ኢት ስኖውስ ኢን ኤፕሪል» ያቆዩ። የ1986ቱ «ፓሬድ» አልበም መዝጊያ የሆነው ይህ ዘፈን ከበሮ የለውም፤ ፒያኖ፣ ጊታርና ድምፅ ብቻ ይዞ የሞተን ወዳጅ ያስባል። አንዳንዴ በሚያዝያም በረዶ ይጥላል የሚለው ርዕሱ ለሌላው የአሜሪካ ክፍል ምሳሌያዊ አነጋገር ሊመስል ይችላል፣ እሱ ተወልዶ ባደገባት በሚኒያፖሊስ ግን የአየር ጠባይ ዘገባ ነው። ፕሪንስ ያረፈውም ኤፕሪል 21 ቀን 2016 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን ያለዚያ ቀን መስማት አስቸጋሪ ሆኗል።